በድረ ገጽ ውስጥ የሚካተት የጉግል ካላንደር

በድረ ገጽ ውስጥ የሚካተት ካላንደር፣ መረጃው በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ጎብኚው በከፈተው ገጽ ላይ የሚታይ የዝግጅቶች መርሐ ግብር ነው። ትምህርት ቤቶች የፈተና ቀን፣ አብያተ ክርስቲያናት የጉባኤ ሰዓት፣ የስፖርት ክለቦች የጨዋታ ፕሮግራም ያሳውቁበታል። በጣም ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2006 ለሕዝብ የቀረበው ጉግል ካላንደር ነው። ኃላፊው ዝግጅቱን በስልኩ ሲመዘግብ ገጹም አብሮ ይታደሳል።

ካላንደሩ የሚገባው አይፍሬም በሚባል መስኮት ነው። ኮዱ ከካላንደሩ ሴቲንግ ይገለበጣል፤ ችግሩ የሚጀምረው መልኩን መቀየር ሲፈለግ ነው። የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ (ሲኤስኤስ) የመስኮቱን ስፋት፣ ቁመትና ጠርዝ እንጂ ውስጡን አይነካም፤ ብራውዘሩ የአንዱ ድረ ገጽ ትእዛዝ ከሌላው የመጣውን ይዘት እንዲቀይር አይፈቅድም። የውስጡ መልክ የሚወሰነው በአድራሻው ላይ በላቲን ፊደል በሚቀጠሉ ትእዛዞች ነው። «ሾውታይትል» 0 ሲሆን ርዕሱ ይጠፋል። «ሞድ» የወር፣ የሳምንት ወይም የአጀንዳ እይታን ይመርጣል። የሳምንቱ መነሻ በቁጥር ይሰጣል፦ 1 እሑድ፣ 2 ሰኞ፣ 7 ቅዳሜ።

ቀለም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የቀለም ቁጥር በ«#» ይጀምራል፤ ምልክቱ እንዳለ አድራሻው ውስጥ ከገባ ግን ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ሰርቨሩ ሳይላክ ይቀራል። በምትኩ «%23» ይጻፋል። ለስልክ ደግሞ ስፋቱን በመቶኛ መስጠትና የአጀንዳ እይታን መምረጥ ይሻላል፤ የወር ሠንጠረዥ በጠባብ ስክሪን ላይ አይነበብም።

ከቀለሙ ይልቅ ትልቁ ጉዳይ ፈቃድ ነው። ካላንደሩ ለሕዝብ ካልተከፈተ ጎብኚው ባዶ ሠንጠረዥ ያያል፤ ባለቤቱ ግን በራሱ አካውንት ስለገባ ዝግጅቶቹ ሁሉ ይታዩታል፣ ስህተቱንም ሳያውቅ ይቆያል። ስለዚህ ገጹን በብራውዘሩ የግል መስኮት ከፍቶ ማየት የግድ ነው። የግል ቀጠሮ ያለበትን ካላንደር ለሕዝብ መክፈትም አደገኛ ነው። ለገጹ ብቻ የሚሆን ሌላ ካላንደር መፍጠር ይገባል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለሚያገለግል ገጽ የሰዓት ቀጠና ሌላው ፈተና ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በአንዱ ቀጠና የተመዘገበ ሳምንታዊ ጉባኤ በሌላው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዛነፋል። እንቁጣጣሽም በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 እንዲደገም ቢመዘገብ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 አዲስ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። እንዲህ ባለው ዓመት የዚያን ጊዜውን ቀን ለብቻው ማዛወር ያስፈልጋል።

በአይፍሬሙ ያልረካ ፕሮግራመር ፉልካላንደር የተባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ መጠቀም ይችላል። ላይብረሪው በኤፒአይ ቁልፍ ዝግጅቶቹን ከጉግል ወስዶ በገጹ ላይ ራሱ ይስላቸዋል፤ ያኔ ሲኤስኤሱ ፊደሉንም መስመሩንም ይቆጣጠራል። ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ስለሚችልም በእያንዳንዱ ዝግጅት ጎን መስከረምን ወይም ጥቅምትን ማስፈር ይቻላል።