ከእግራችን በታች የነበረ ውሃ

ወሎ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ነው። እስቲ ዛሬ ወደ መሬቱ ሆድ እንይ።

ከወልድያ በስተሰሜን በቆቦ ሜዳ፣ በስተደቡብ በሀብሩ፣ መርሳ አካባቢ ባለው የጊራና ሸለቆ፣ ጎርፍ ከምዕራቡ ተራራ ለዘመናት ያወረደው አሸዋና ጠጠር ውሃ አቁሯል። ሰው በድርቅ ሲሰደድ የከርሰ ምድር ውሃው ከእግሩ በታች ነበር፤ የጠፋው መቆፈሪያውና ፓምፑ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ አስቆፍሮ መስኖ ሲያስፋፋ ታሪኩ መለወጥ ጀመረ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መብራት ሲጠፋ ግን ውሃው እያለ ፓምፑ ቆመ።

ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ክረምት ከሚመልሰው በላይ ብንስብስ? የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ በየጊዜው መለካትና መመዝገብ ከቁፋሮው እኩል ሥራ ነው። ያልተቆጠረ ጎተራ ማለቁ የሚታወቀው ባዶ ሲሆን ነው።