ደም በአንጎል ውስጥ ሲፈስ፤ ቀዶ ሕክምናው፣ ፊርማውና ማገገሙ

ጳውሎስ ሰፈር ለሚኖር ሰው የአምቡላንስ ጩኸት እንግዳ አይደለም። ሰፈሩ ስሙን የሚጋራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በሚሊኒየሙ መባቻ የሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። በሥሩ ያለው አቤት ሆስፒታል ደግሞ የአደጋ ተጎጂዎችን ይቀበላል። ከእነዚህ መካከል አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ይገኙበታል።

በየትኛውም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቤተሰብ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ ትፈርማላችሁ?» መልሱ ግን አጎት ከክፍለ ሀገር እስኪመጣ ይቆያል። ጸሐፊው የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለም። ቢሆንም ያ ሰዓት ከመምጣቱ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

ደም የሚፈሰው የት ነው?

ሁሉም የአንጎል ደም መፍሰስ አንድ አይደለም። በመኪና አደጋ ወይም በዱላ የራስ ቅል ሲሰበር፣ ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ሊጠራቀም ይችላል። ተጎጂው ነቅቶ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ራሱን የሚስተው በዚህ ጊዜ ነው፤ በጊዜው ከተቀዳ ግን ብዙዎች ይድናሉ። ሁለተኛው ከሽፋኑ ሥር የሚጠራቀመው ነው። በአረጋውያን ላይ ቀላል ከሚመስል መውደቅ በኋላ ለሳምንታት ቀስ እያለ ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ሦስተኛው በደም ግፊት ምክንያት በራሱ በአንጎሉ ውስጥ የሚፈሰው ሲሆን፣ ስትሮክ ከምንላቸው አንዱ ነው። አራተኛው ያበጠ የደም ሥር ሲፈነዳ የሚከሰት ነው፤ ታማሚው «እንዲህ ያለ ራስ ምታት አይቼ አላውቅም» ይላል።

ልዩነቱን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲኮላተፍ «እስኪ ይደር» ማለት አይገባም።

ቀዶ ሕክምናው

በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በአረጋውያን ላይ ቀስ ብሎ የተጠራቀመውን ደም የራስ ቅልን በመብሳት ማፍሰስ ይቻላል። ትኩስ ደም ሲሆን ግን አጥንቱ ተከፍቶ ይወጣል። አንጎሉ ካበጠ አጥንቱ ለጊዜው ተነሥቶ ከወራት በኋላ ይመለሳል። በግፊት ለመጣው ደም ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ መልስ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ከ1,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ቶሎ መቅደድ በጥቅሉ ሲታይ ከመድኃኒት ክትትል እንደማይበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ «አንቀድም» ሲል ችላ አለን ማለት አይደለም። በኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚፈሰው ትልቅ ደም ግን ጊዜ የማይሰጥ ነው።

ፊርማው

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፈቃድ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ታማሚው ራሱን ስቶ የቅርብ ሰውም ካልተገኘ፣ ሕይወት ለማዳን ሐኪሙ እንዲሠራ የሙያው ሥነ ምግባር ይፈቅዳል። ብዙዎች የሚፈሩት «ከፈረምን በኋላ መጠየቅ አንችልም» በሚል ነው፤ ስሕተት ነው። ፈቃድ መስጠት ጥፋትን ይቅር ማለት አይደለም። አንቀጽ 2031 ባለሙያው በሙያው ደንብ መሠረት እንዲሠራ ግዴታ ይጥልበታል።

ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ካልተቀደደ ምን ይሆናል? ከተቀደደ ምን ሊደርስ ይችላል? ከዳነ በኋላ ምን ዓይነት ኑሮ ይጠብቀዋል? በሽተኛው አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ይነገር።

ማገገሙ

ቤተሰብ የሚፈተነው ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ነው። መዋጥ መቻሉ ሳይረጋገጥ አጥሚት በግድ መጋት ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው የመኝታ ቁስል እንዳያገኘው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። ፊዚዮቴራፒ ሐኪሙ እንደፈቀደ ይጀመር፤ ትልቁ ለውጥ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ይታያል፤ ከዚያም በኋላ መሻሻል አይቆምም። ማልቀስ፣ መቆጣትና መርሳት የጉዳቱ አካል ናቸውና «ጸባዩ ተበላሸ» አይባል። የሚጥል በሽታም ሊከተል ስለሚችል፣ መንዳት የሚፈቀደው በሐኪም ነው።

ጸበል የሚወስዱም ይውሰዱ፤ የግፊቱን ክኒን ግን አያቋርጡ። ዳግም ደም እንዳይፈስ ከሚከላከሉት ሁሉ ርካሹ እሱ ነውና።