እረኛው ያለበት ተራራ

ከጎንደር ተነሥቼ፣ የወገራን ሜዳና ዳባትን አልፌ፣ ደባርቅ በደረስሁ ቁጥር ቅዱስ ያሬድ ትዝ ይለኛል። ትውፊቱን አንባቢ ያውቀዋል፤ ሊቁ በአክሱም ሲያዜም ንጉሥ ገብረ መስቀል በተመስጦ ጦሩን እግሩ ላይ ተከለው፤ ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የወደደውን እንዲለምን ቢፈቅድለት፣ ያሬድ የለመነው ወርቅ ሳይሆን ስንብት ነበር። የሄደውም ወደዚሁ ወደ ስሜን ነው።

የዜማችን አባት የመረጠው ምድር ይህ ከሆነ፣ በስሙ ከተጠራው የአዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡት የክላሲካል ደራስያን ስለ ተራራና ስለ ዱር ምን ደረሱ እያልሁ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ ከደረሳቸው ሥራዎች አንዱ «እረኛው ባለዋሽንት» ይባላል። ከዚያው ተምሮ በቡልጋሪያዋ ሶፊያ የፒያኖ ትምህርቱን የቀጠለው ግርማ ይፍራሸዋም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው አልበም ውስጥ እንዲሁ በእረኛና በዋሽንቱ የተሰየመ ሥራ አለው። ሁለቱም የጠሩት ተራራውን ሳይሆን ተራራው ላይ የቆመውን ሰው ነው። ፊንላንዳዊው ዣን ሲቤልየስ እ.ኤ.አ. በ1926 «ታፒዮላ»ን ሲደርስ ጫካውን ለጫካው አምላክ ትቶ ሰውን አስወጥቶታል። ግሩም ሥራ ነው፤ እኔን ግን ይበርደኛል።

በግርማ ሥራ የምደነቀው በፒያኖው ድፍረት ነው። ዋሽንት ትንፋሽ ነው፤ አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ፣ ድምፁ የሚለጠጥ፣ የሚንሸራተት። ፒያኖ ግን መዶሻው ሽቦውን ከመታበት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ ጣቶች ትንፋሽን ማስመሰል፣ አንዲቱን ድምፅ በትናንሾች መክበብ፣ ከዚያም ዝም ብለው መጠበቅ አለባቸው። ያን ዝምታ ሳንቃበር አጠገብ ሰምቼዋለሁ፤ እረኛው ይነፋል፣ ያቆማል፣ ገደሉ ይመልስለታል፣ ከዚያ ይቀጥላል። (ጭላዳዎቹም በመካከል ይገባሉ፤ እነርሱን በኖታ የጻፈ እስካሁን አላጋጠመኝም።)

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ ሲሄድ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ተዛወረ፤ በዓመቱም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያውን የሚወድ ሰው ይህን በቀላሉ አይነቅፍም፤ እኔም አልነቅፍም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ አሸናፊንም ግርማንም ስሰማ፣ እረኛውን የማቆምበት ሜዳ ይጠፋብኛል።

ባለፈው ጉዞዬ ማለዳ በደባርቅ ዳርቻ፣ በአዲሶቹ የቆርቆሮ ቤቶች መካከል ሳልፍ ዋሽንት ሰማሁ። ነፊው በለመደው ቦታ ላይ አቆመ፤ ጠበቀ። የሚመልስለት ገደል አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ቀጠለ።