ለስልክ ሌላ ድረ ገጽ ያስፈልጋል?

በስልካችሁ ሊንክ ስትከፍቱ አድራሻው መጀመሪያ ላይ «ኤም» የምትል ፊደል አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ይህ ለሞባይል ብቻ የተሠራ ሌላ ገጽ ነው» ማለቷ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የስልክ ስክሪን የሚይዘው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነበር፤ ኔትወርኩም ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ዋፕ በተባለው ዘዴ ለስልክ ቀለል ያለ ገጽ ለብቻው ይሠራ ነበር።

በ2007 አይፎን ከመጣ በኋላ ግን ሙሉ ድረ ገጽ በስልክ መክፈት እየተለመደ ሄደ። ሁለት ገጽ መያዝ ጣጣ ሆነ፤ እያንዳንዱ እርማት ሁለት ቦታ ይሠራል። አንዱ ከተረሳስ? ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ የምዝገባው ቀን መቀየሩን ሳያይ ይቀራል።

በ2009 ሉክ ውሮብሌውስኪ «ዲዛይኑን ከትንሿ ስክሪን ጀምሩ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቦታ ሲጠብ የግድ ዋናውን ነገር ትመርጣላችሁ። በ2010 ደግሞ ኢታን ማርኮት መንገዱን አሳየ፦ ገጹ አንድ ነው፤ «ስፋቱ ከዚህ ካነሰ ዓምዶቹን ከላይ ወደ ታች ደርድር» የሚል ትእዛዝ ግን አለው። በ2011 ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ በዚሁ ዘዴ ድረ ገጹን ሠራ። በ2016 ጉግል ለፍለጋ በዋናነት የስልኩን ገጽ ማንበብ እንደሚጀምር አስታወቀ።

እናንተስ ድረ ገጽ ልትሠሩ ነው? በጣም ደካማ ለሆነ ስልክና ኔትወርክ የተለየ ቀላል ገጽ ዛሬም ይጠቅም ይሆናል። ካልሆነ ግን አንድ ገጽ ሥሩ፤ ከስልክ ጀምሩ። ከስልኩ ላይ የቀነሳችሁት ነገር፣ ስልክ ብቻ ላለው ሰው ጭራሽ የለም ማለት ነው።