የመሪ ፍሪሲዮን ብልሽት በአሮጌ ባለ ሰንሰለት ሎደሮች

የመሪ ፍሪሲዮን በባለ ሰንሰለት ሎደርና ዶዘር ላይ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ሰንሰለት ለየብቻ የሚሰጥና የሚቆርጥ፣ ከብዙ ዲስኮች የተሠራ ክፍል ነው። ማሽኑ የሚጠመዘዝ ጎማ ስለሌለው የሚዞረው የአንዱ ጎን ኃይል ተቆርጦ፣ ካስፈለገም በፍሬን ተይዞ ነው። ካተርፒላር እ.ኤ.አ. በ1951 የሚልዋኪውን ትራክሰን ኩባንያ ከገዛ በኋላ ትራክስካቬተር በሚል ስም ያወጣቸው 955 እና 977 በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ 973 ያሉ ሃይድሮስታቲክ ሎደሮች ሲመጡ ፍሪሲዮኑ ቀረ፤ አሮጌዎቹ ግን ገና ከሥራ አልወጡም።

ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣው ኃይል ወደ አግዳሚ ዘንግ ይገባል፤ በዘንጉ ግራና ቀኝ አንዳንድ ፍሪሲዮን አለ። ከውስጠኛው ከበሮ ጋር የሚዞሩ የብረት ዲስኮችና ከውጭኛው ጋር የሚዞሩ ሸራ የለበሱ ዲስኮች ተፈራርቀው ይደረደራሉ፤ ጠንካራ ሞላዎችም ያጣብቋቸዋል። ኦፕሬተሩ ማንሻውን ሲስብ ወይም ፔዳሉን ሲረግጥ ሞላው ይጨመቅና ዲስኮቹ ይላቀቃሉ። የፍሬኑ ቀበቶ የሚያርፈው በውጭኛው ከበሮ ላይ ነው። ከዚያ ኃይሉ በፋይናል ድራይቭ በኩል ሰንሰለቱን ወደሚጎትተው ስፕሮኬት ያልፋል።

የምርመራው ቁልፍ ጥያቄ ፍሪሲዮኑ «አይዝም» ወይስ «አይለቅም» የሚለው ነው። የሁለቱ መነሻ የተለያየ ነው፤ ይህን ሳይለዩ መፍታት ድካም ብቻ ነው። በብዙ ሞዴሎች ፍሪሲዮኑ ጋ ለመድረስ መቀመጫውንና የነዳጅ ታንኩን ማንሳት ያስፈልጋል።

የማይዝ ፍሪሲዮን የሚጋለጠው በጭነት ነው። ሎደሩ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አካፋውን የአፈር ክምር ውስጥ ሲያስገባ ግን አንዱ ሰንሰለት ይቆማል፣ ሌላው ይገፋል፣ ማሽኑም ወደ ቆመው ጎን ይዞራል። ሞተሩ ግን አይጨነቅም። ባዶውንም ሲሄድ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ያልለቀቀ ፍሬን፣ ከመጠን በላይ የተወጠረ ሰንሰለት ወይም የነከሰ ሮለር። ለአጭር ጊዜ ነድቶ በሁለቱም ጎን ያለውን የከበሮ ቤት ሙቀት ማወዳደር የሚጎትተውን ፍሬን ቶሎ ያሳያል።

ለመንሸራተቱ ምክንያት የሚሆኑት ያለቀ ሸራ፣ የደከመ ሞላና የማንሻው ነፃ ጨዋታ መጥፋት ናቸው። ነፃ ጨዋታ ከሌለ ኩሽኔታው ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ በከፊል እንደተጫነው ይቆያል፤ ይህ ያለ መፍታት በማስተካከል ብቻ ይድናል። በደረቅ ፍሪሲዮን ላይ ዋናው ጠላት ዘይት ነው። ከከበሮ ቤቱ ሥር ያለው ቡሽ ሲፈታ ዘይት ከወረደ የአግዳሚው ዘንግ ወይም የፋይናል ድራይቩ ኦይል ሲል አልቋል ማለት ነው። በዘይት ውስጥ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ግን ዘይት መኖሩ ጤና ነው፤ መታየት ያለበት የሸራ ቅሪትና የብረት ብናኝ ነው።

የማይለቅ ፍሪሲዮን ማንሻው ተስቦም ማሽኑን ቀጥ አድርጎ ይነዳል፤ ፍሬን ሲታከልበት ሞተሩ ይጨነቃል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚደርሰው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ውኃ በገባበት ሎደር ላይ ነው፤ ዲስኮቹ በዝገት ይጣበቃሉ። የቆዩ ባለንብረቶች ማሽኑን ሲያቆሙ ማንሻዎቹን ወደ ኋላ አስረው የሚተዉት ለዚህ ነው። የተበላ ማገናኛ፣ የበዛ ነፃ ጨዋታና በሃይድሮሊክ በሚታገዙት ላይ የግፊት ማነስም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኃይሉ ተቆርጦ ሎደሩ ጠበብ ብሎ አልዞር ካለ ግን ተጠያቂው ፍሬኑ ነው።

አዲስ ኦፕሬተር ብልሽት ነው ብሎ የሚያመለክተው፣ ግን ብልሽት ያልሆነ ነገርም አለ። ቁልቁለት ላይ ማሽኑ ሞተሩን ሲገፋ የግራው ፍሪሲዮን ያለ ፍሬን ቢለቀቅ የግራው ሰንሰለት ይፈጥንና ሎደሩ ወደ ቀኝ ይዞራል።

ሁለቱም ሰንሰለቶች አብረው ከቆሙ ምርመራው ወደ ዋናው ፍሪሲዮን ወይም ቶርክ ኮንቨርተር፣ ከዚያም ወደ ማርሽ ሳጥኑ ይሄዳል። አንዱ ብቻ ከሞተ የመመልከቻው ክዳን ይከፈታል፤ ውጭኛው ከበሮ እየዞረ ስፕሮኬቱ ከቆመ የተሰበረው ፋይናል ድራይቭ ነው። ማርሽ ገብቶ ይህ ሲታይ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከሰንሰለቱ ፊትና ኋላም ማንም አይቆምም።

ዘይት የነካውን ደረቅ ዲስክ በላምባ ማጠብ ለጊዜው ይረዳል፤ በቤንዚን ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ኦይል ሲሉ ሳይቀየር የሚገጠም አዲስ ዲስክም ተመልሶ ዘይት ይጠጣል።