ከዴጉ እስከ ለንደን፦ ሞ ፋራህን የቀደሙት ሁለት ወጣቶች



ዛሬ ከለመዳችሁት የታሪክ ጽሑፋችን ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ሩጫ ልንጽፍ ነው። «እናንተን ደግሞ ከሩጫ ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚለን ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጉዳዩ ግን ታሪክ ነው፤ ሦስቱ ዋና ሰዎችም ኢብራሂም፣ ሙሐመድና ሙክታር ይባላሉ። (የውድድሮቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፣ እንዳይምታታባችሁ።)

በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ወልቂጤ ውስጥ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ጢም ብለው ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተከፈተበት ሰሞን ነው። ማንቸስተር ሲቲና ብራይተን ተጫውተው ሲያበቁ ገሚሱ ሰው ወጣ፤ እኛ ከኢሻ በኋላ የደረስነው የተለቀቀ ወንበር አገኘን። ባለቤቱ ቻናሉን ወደ ለንደን አዞረው። የዓለም ሻምፒዮና የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሊጀመር ነው። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሐጂ ሻያቸውን እየማጉ «ምን ያደርጋል፣ ያው ሞ ነው የሚወስደው» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

የሚከራከርበት ምክንያትም አልነበረም። ሙሐመድ ፋራህ፣ ዓለም «ሞ» የሚለው፣ ያኔ 34 ዓመቱ ነው። ከ2011 ወዲህ በክፍት ስታዲየም በተካሄዱ የዓለም ሻምፒዮናና የኦሎምፒክ የትራክ ፍጻሜዎች 10 ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ወስዷል። በ2012 ለንደን ሁለቱንም ርቀት፣ በ2013 ሞስኮ ሁለቱንም፣ በ2015 ቤጂንግ ሁለቱንም፣ በ2016 ሪዮ ሁለቱንም! አሥረኛውን ወርቅ ደግሞ ከዚያች ቅዳሜ 8 ቀን በፊት እዚያው ለንደን ላይ በ10,000 ሜትር አጥልቋል። በእነዚያ ዓመታት የእኛ ልጆች ሁልጊዜ ከኋላው ነበሩ። በ2012 በ5,000 ሜትር ደጀን ገብረመስቀል ብር፣ በ2013 ሐጎስ ገብረሕይወት ብር። ርቀቱ ግን የቀነኒሳ በቀለ ቤት ነበር፤ በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰኑም በ12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ከ35 ማይክሮ በስሙ ተመዝግቦ ነበር።

ፋራህ እንዴት ነበር የሚያሸንፈው? ከሁሉ ፈጣን ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ውድድሩ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ይተወዋል፤ ከኋላ ሆኖ ይመለከታል፤ ከዚያ አንድ ዙር ከምናምን ሲቀር ወደ ፊት ይወጣና የውስጠኛውን መስመር ይይዛል። ሊቀድመው የፈለገ ሁሉ በመታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ተጨማሪ ሜትር መሮጥ ግድ ይሆንበታል። ሰው ሲጠጋው ትንሽ ይጨምራል፣ ደግሞ ሲጠጋው ደግሞ ይጨምራል። ቼዝ የምትጫወቱ ወንድሞች ይገባችኋል፤ መሐለኛውን ቦታ ቀድሞ የያዘ ሰው ሌላው መልስ በመስጠት ብቻ እንዲደክም ያደርገዋል። ዘዴውን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ማፍረሱ ነው የጠፋው።

ግን አንድ ሰው ቀድሞት ነበር። እዚህ ላይ ወደ ኋላ እንመለስ።

ነሐሴ 2011፣ ዴጉ፣ ደቡብ ኮሪያ። ቀኑ እሁድ፣ የረመዷን 28ኛው ቀን ነው። በኮሪያ ሲመሽ እኛ ጋ ገና ቀን ስለሆነ፣ የ10,000 ሜትሩን ፍጻሜ ብዙዎቻችን ጾማችንን ይዘን ከዙህር በኋላ ነው ያየነው። የሁሉም ዓይን ከረጅም ጉዳት የተመለሰው ቀነኒሳ ላይ ነበር። እሱ ግን በመሐል አቋርጦ ወጣ። «አለቀ» ብለን ነበር። ፋራህ በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ ሄደ፤ 28 ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያ የዓለም ወርቁን ሊያገኝ ነው። ያኔ ነው የ22 ዓመቱ ኢብራሂም ጄይላን የመጣው። ኢብራሂም በ2006 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ጃፓን ሄዶ ለአንድ ኩባንያ ቡድን ይሮጥ ስለነበር እዚህ አገር ስሙ ብዙ አይነሳም። በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ሜትር በሜትር ቀረበውና መስመሩ ደጃፍ ላይ አለፈው። ኢብራሂም 27:13.81፣ ፋራህ 27:14.07። ልዩነቱ 26 መቶኛ ሰከንድ፣ ዓይን ተጨፍኖ የሚገለጥበት ጊዜ ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ ኢማነ መርጋ ሦስተኛ ወጣ። ሱብሃነላህ፣ በዚያ ቀን አፍጥር ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ፋራህ ከሳምንት በኋላ በ5,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ የ10 ወርቆቹ ሰልፍ የተጀመረው ከዚያ ነው። በ2013 ሞስኮ ላይ ከኢብራሂም ጋር እንደገና ተገናኙ፤ ያን ጊዜ ፋራህ አንደኛ፣ ኢብራሂም ሁለተኛ።

ወደ ለንደኗ ቅዳሜ እንመለስ። ሙክታር እድሪስ 23 ዓመቱ ነው፤ ከፋራህ በ11 ዓመት ያንሳል። ፋራህ በዴጉ ሲሸነፍ ሙክታር የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በ2012 ባርሴሎና ላይ የዓለም ወጣቶች የ5,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከአዋቂዎች ጋር ግን በዓለም ሻምፒዮና የትራክ ውድድር ገና ሜዳሊያ አላገኘም። ስታዲየሙ ሙሉ በሙሉ የፋራህ ነው፤ በትራክ ላይ የመጨረሻው ታላቅ ውድድሩ ስለሆነ ሕዝቡ ሊሸኘው ነው የመጣው።

ውድድሩ እንደተለመደው ቀስ ብሎ ሄደ። እኛም ተስፋ ቆረጥን፤ ቀርፋፋ ውድድር የእሱ ነዋ! ወደ መጨረሻዎቹ ዙሮች ግን ያልለመድነውን አየን። ሙክታርና ዮሚፍ ቀጄልቻ ፊቱን ያዙት። ፋራህ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ተቀምጠዋል። ደወሉ ሲደወል እሱ ከኋላቸው ነው፤ መውጫ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ሙክታር ዞር ሳይል ሄደ። በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ፋራህ ክፍተት አግኝቶ መጣ፤ እንደ ድሮው ይጨምራል ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። አልጨመረም። ሙክታር 13:32.79፣ ፋራህ 13:33.22፣ አሜሪካዊው ፖል ቼሊሞ 13:33.30። ሐጂው ሻያቸውን ደፍተው ነበር፤ መድፋታቸውን ያወቁት ግን ሁሉም ተቃቅፎ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እውነቱን እንናገር። ፋራህ ከዚያ በፊት 10,000 ሜትር ሮጦ ደክሟል፤ ሙክታር የመጣው ለ5,000 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ድሉን አያሳንሰውም፤ ግን ተሸናፊን በሐቅ መመዘን ተገቢ ነው።

ሙክታር መስመሩን እንዳለፈ እጆቹን ራሱ ላይ አድርጎ የፋራህን የታወቀ ምልክት ሠራ። አንዳንዱ «አላገጠበት» አለ። ሙክታር ግን ያደረግሁት ለክብሩ ነው ብሏል። እኛም እናምነዋለን፤ ልጆች የሚቀዱት የሚያደንቁትን ነው። ፋራህ ለእኛም ቢሆን ባዳ አልነበረም፤ ሱሉልታ ላይ ይሠለጥን ነበር። በጥር 2017 እንኳ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሶማሊያን ጨምሮ የሰባት አገር ሰዎች እንዳይገቡ ሲያግድ፣ እሱ የነበረው እዚሁ ኢትዮጵያ ልምምድ ላይ ነው። ቤተሰቡ አሜሪካ ናቸው። ለልጆቼ አባታችሁ ላይመለስ ይችላል ልላቸው ነው ብሎ ተጨንቆ ጽፎ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ታሪኩ የወጣው ግን ከ5 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2022 ነው። ትክክለኛ ስሙ ሑሴን አብዲ ካሂን መሆኑን ራሱ ተናገረ። አባቱ በ4 ዓመቱ በጦርነት ተገድለዋል። ወደ 9 ዓመት ሲሆነው አንዲት የማያውቃት ሴት በሌላ ልጅ ስም ብሪታንያ አስገብታው፣ እዚያ ሰው ቤት የሰው ልጆች እያጠበና እያጸዳ ነበር የኖረው። መጨረሻ ላይ ምስጢሩን የነገረው ለስፖርት መምህሩ ነው። «ሞ፣ ሞ» እያለ ስታዲየም ሲጮህለት የኖረው ስም የሌላ ልጅ ስም ነበር። ይህን ካነበብን በኋላ ያቺን የለንደን ምሽት እንደ ድሮው ማየት አልቻልንም። በሙክታር ድል የነበረን ደስታ አልቀነሰም፤ ግን ሁለተኛ ስለወጣው ሰው ማሰብ ጀመርን።

ሙክታር በ2019 ዶሃ ላይ ወርቁን አስጠበቀ። ሁለተኛ የወጣው የ19 ዓመቱ ሰለሞን ባረጋ፣ የእኛው የጉራጌ ልጅ ነው። በዚያች የለንደን ምሽት 5ኛ ወጥቶ የነበረ፣ የ17 ዓመት ልጅ፤ እኛ በሙክታር ስንጮህ ያላየነው።

ሐምሌ 23 ቀን 2013፣ አርብ፣ ከጁሙዓ ወጥተን እዚያው ቤት ተቀመጥን። የቶኪዮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። የዓለም ሻምፒዮኑና የክብረ ወሰኑ ባለቤት ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ተሰልፏል። ሐጂው ዘንድሮም «ያው ያ ዩጋንዳዊ ነው» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ሰለሞን በመጨረሻው ዙር ወጣ፤ 27:43.22፣ ቼፕቴጌ 27:43.63።

«ይሄኛውስ የማን ልጅ ነው?» አሉ ሐጂው። ቤቱ በአንድ ድምፅ ነገራቸው።