የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት

የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመ፣ 28 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ብሔራዊ መታሰቢያ ሲሆን፣ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን በከተማይቱ ነዋሪዎች ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ላለቁ ወገኖች የተሠራ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ ንጉሥ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ የኢጣሊያው አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መውለዱን ምክንያት በማድረግ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያሰጥ፣ የኤርትራ ተወላጆች የሆኑት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወርውረው አቆሰሉት። ከዚያ በኋላ ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዝ የሚባሉት የፋሺስት ፓርቲ ታጣቂዎች ለ3 ቀናት ያገኙትን ሁሉ ፈጁ፤ ጎጆዎችንም ነዋሪዎቹ ውስጥ እንዳሉ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾችን ቁጥር 30 ሺህ ሲያደርሰው፣ ታሪክ አጥኚው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምተዋል።

ሐውልቱን የሠሩት ዩጎዝላቪያውያኑ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ከሩቅ የሚታየው ቀጥ ያለው ዓምድ ቢሆንም፣ የሥራው ብርታት ያለው ግርጌውን በከበቡት፣ ከመደባቸው ጎልተው በወጡ የነሐስ ምስሎች ላይ ነው፤ እነዚህም ግድያውንና የሙታኑን ቀብር ስለሚያሳዩ፣ አደባባዩን በመኪና ዞሮ የሚያልፍ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ይቀራል።

ጭፍጨፋውን የቀሰቀሰው ድርጊት የተፈጸመው ግን ሐውልቱ ባለበት ስፍራ ሳይሆን በአቅራቢያው ባለው በቀድሞው ገነተ ልዑል ስለሆነ፣ ሁለቱን አያይዞ መጎብኘት ይገባል። ቤተ መንግሥቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ ከሰጡት ወዲህ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት ሆኗል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ኢጣሊያኖች ያቆሙት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ 14ቱ እርከኖች ፋሺስቶች በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ የተቆጠሩትን ዓመታት ያመለክታሉ። ኢትዮጵያውያን ደረጃውን ከማፍረስ ይልቅ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ምልክት የሆነውን የይሁዳ አንበሳ ጫፉ ላይ አስቀመጡበት፤ ይህም ከማንኛውም ጽሑፍ የተሻለ መልስ ነው።

በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ከሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን በማኖር ሰማዕታቱ ይታሰባሉ።